የባርቤዶስ ዘውድ እንዴት ወረደ? በ16 ቀን ያለቀ የሕገ መንግሥት ለውጥ

ኖቬምበር 30 ቀን 2021 ሊነጋ፣ ልክ እኩለ ሌሊት ላይ፣ በካሪቢያኗ ደሴት በባርቤዶስ ዋና ከተማ በብሪጅታውን፣ ብሔራዊ ጀግኖች አደባባይ ላይ፣ የንግሥት ኤልሳቤጥ ዓርማ ከተሰቀለበት ወረደ። (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) እስከዚያች ደቂቃ የንግሥቲቱ እንደራሴ የነበሩት ዴም ሳንድራ ሜሰን በዋና ዳኛው ፊት ቃለ መሐላ ፈጽመው የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆኑ። መድፍ 21 ጊዜ ተተኮሰ። ልዑል ቻርልስ ከእንግዶች ወንበር ላይ ሆነው እናታቸው ከአንድ ዙፋናቸው ሲነሡ ተመለከቱ።

ሲነጋ ምን ተለወጠ ተብሎ ቢፈለግ ብዙ አይገኝም። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ያቺው ሚያ ሞትሊ ናቸው፤ ምክር ቤቱ ያው፣ ዳኞቹ እነዚያው፣ ባንዲራው ያው፣ ገንዘቡም ያው። ዘውዱን ያነሣው ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤት የቀረበው ሴፕቴምበር 20 ሲሆን በሁለቱም ምክር ቤቶች አልፎ የተጠናቀቀው ኦክቶበር 6 ነው፤ 16 ቀን መሆኑ ነው። ሕዝበ ውሳኔ አልተደረገም።

ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። ጃማይካ ለአሥርት ዓመታት ስታወራለት የኖረችውን፣ ሴንት ቪንሰንት ደግሞ ለሕዝብ አቅርባ የተሸነፈችበትን ጉዳይ፣ ከ300 ሺህ ያነሰ ሕዝብ ያላት 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ደሴት በሁለት ሳምንት ከምናምን እንዴት ጨረሰችው? በወቅቱ ብዙ መልስ ተሰጥቷል። የሞትሊ ድፍረት ነው ያሉ አሉ። የ2020ው የፀረ ዘረኝነት ተቃውሞ ማዕበል ነው ያሉም አሉ። አንዳንድ የብሪታንያ ፖለቲከኞች ደግሞ ቻይና ናት የገፋፋቻቸው እስከ ማለት ደረሱ፤ ደሴቲቱ ውስጥ በይፋ የተቋቋመ ኮሚሽን ሪፐብሊክ እንሁን ብሎ ሪፖርት ያቀረበው በ1998 መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህን ሰምቶ ከመሳቅ በቀር የሚለው የለም። ዋናው መልስ ያለው ከዚህ ሁሉ ይልቅ በአንድ የሕግ አንቀጽና በአንድ የድምፅ ቆጠራ ውስጥ ነው።

አንቀጽ 49

ባርቤዶስ ነፃ የወጣችው ኖቬምበር 30 ቀን 1966፣ በኤሮል ባሮ መሪነት ነው። የዚያን ዕለት ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በመልኩ ለንደን ውስጥ በንግሥቲቱ ስም ለታወጀ ትእዛዝ አባሪ ሆኖ የተያያዘ ሰነድ ነበር። ይዘቱ ግን በአንድ ነገር ከብዙዎቹ ጎረቤቶቹ ይለያል፦ ማሻሻያውን የሚመለከተው አንቀጽ 49 ሕዝበ ውሳኔ የሚል ቃል የለበትም።

አንቀጹ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ተራ የሆኑት ድንጋጌዎች ከሁለቱም ምክር ቤቶች ጠቅላላ አባላት በአብላጫ ድምፅ ይሻሻላሉ። በጥብቅ የተቆለፉት ድንጋጌዎች ማለትም ስለ ሕገ መንግሥቱ የበላይነት፣ ስለ ዜግነት፣ ስለ መሠረታዊ መብቶች፣ ስለ ርዕሰ ብሔር፣ ስለ ምክር ቤቱ አወቃቀርና መሰል ጉዳዮች የሚናገሩት የሚሻሻሉት በእያንዳንዱ ምክር ቤት የጠቅላላ አባላት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። አዳራሹ ውስጥ የተገኙት ብቻ አይቆጠሩም፤ የቀረውም ሰው እንዳልደገፈ ይቆጠራል።

አሁን ቁጥሩን እንይ። የታችኛው ምክር ቤት 30 መቀመጫ ስላለው ሁለት ሦስተኛው 20 ነው። ሴኔቱ 21 አባላት ስላሉት ሁለት ሦስተኛው 14 ነው። የሴኔት አባላት በሕዝብ አይመረጡም፤ 12ቱን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያስሾማል፣ 2ቱን የተቃዋሚ መሪው፣ 7ቱን ደግሞ ርዕሰ ብሔሩ በራሱ ውሳኔ ከሃይማኖት፣ ከኢኮኖሚና ከማኅበራዊ ዘርፎች ይመርጣል። እንግዲህ መንግሥት በታችኛው ምክር ቤት 20 ሰው ቢኖረውም ሴኔት ሲደርስ በ12 ብቻ ይቆማል፤ ከተቃዋሚው ወይም ከገለልተኞቹ ቢያንስ ሁለት ሰው ማሳመን አለበት። ቁልፉ ይኸው ነው፤ ከባድ አይደለም፣ ግን ቁልፍ ነው።

ቁጥር ያለው ሲፈራ፣ የፈለገው ቁጥር ሲያጣ

ሪፐብሊክ የመሆን ሐሳብ 2020 ላይ የተፈጠረ አይደለም። በ1979 የኮክስ ኮሚሽን ጉዳዩን አጥንቶ ሕዝቡ በዘውዱ ሥር መቆየትን ይመርጣል ብሎ ዘጋው። በ1998 በሄንሪ ፎርድ የሚመራው ኮሚሽን ተቃራኒውን ደመደመ፤ አገሪቱ በምክር ቤት የሚመረጥ ፕሬዚዳንት ያላት ፓርላሜንታዊ ሪፐብሊክ ትሁን ሲል ሐሳብ አቀረበ። የ2021ው ለውጥ በዋና ቅርጹ ከዚያ ሐሳብ ብዙ አልራቀም።

ታዲያ በመካከሉ ያሉት 23 ዓመታት የት ሄዱ? ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮችን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል።

ኦወን አርተር በ1999 ምርጫ ከ28ቱ መቀመጫ 26ቱን፣ በ2003 ደግሞ ከ30ው 23ቱን አሸነፉ። በታችኛው ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛው በእጃቸው ነበር። ሕጉ ሳያስገድዳቸው ግን ጉዳዩን ለሕዝብ አቀርባለሁ አሉ፤ በ2005 የሕዝበ ውሳኔ ሕግ አጸደቁ፣ ቀኑ ተገፋ፣ እንደገና ተገፋ፣ በጃንዋሪ 2008 ምርጫ ተሸነፉና ነገሩ ሳይነሣ ቀረ። በራሱ ፈቃድ ሕዝበ ውሳኔ የሚጠራ መሪ ሁለት ዓይነት ሽንፈት ይፈራል፤ በጥያቄው መሸነፍና በጥያቄው ሰበብ በራሱ ላይ ቅጣት መቀበል። ይህን ፍርሃት የሚያስታግሰው ደግሞ ቀኑን ማራዘም ነው።

ፍሩንደል ስቱዋርት በ2015 ተነሥተው ለነፃነቱ 50ኛ ዓመት፣ ለ2016፣ ሪፐብሊክ እንሆናለን ብለው አስታወቁ። እሳቸው ሕዝበ ውሳኔ አላሉም፤ ችግሩ የመቀመጫ ብዛት ነበር። በ2013 ምርጫ ፓርቲያቸው ያገኘው 16፣ ተቃዋሚው ያገኘው 14 ነው። 20 ለመድረስ አራት ተቃዋሚ ያስፈልጋቸዋል፤ በምርጫ ዋዜማ የትኛው ተቃዋሚ ነው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ እንዲህ ያለ ታሪካዊ በዓል የሚያበረክተው? 50ኛው ዓመት በዘውዱ ሥር ተከበረ።

ሜይ 24 ቀን 2018 የሞትሊ ፓርቲ ከ30ው መቀመጫ 30ውንም ወሰደ። ቁልፉ ራሱን ከፈተ ማለት ይቻላል።

ቀድመው ተነቅለው የነበሩት ብሎኖች

የድምፁ ብዛት በሩን ቢከፍትም፣ ሥራው በ16 ቀን ሊያልቅ የቻለው ከባዱ ዕቃ ቀድሞ ስለወጣ ነው። ብዙ ዘገባ ይህን ያልፈዋል።

አንደኛው ፍርድ ቤቱ ነው። በቀድሞዎቹ የእንግሊዝ ቅኝ ደሴቶች የመጨረሻው ይግባኝ የሚታየው ለንደን፣ ፕሪቪ ካውንስል በሚባለው የዳኝነት ኮሚቴ ዘንድ ነበር፤ በብዙዎቹ አሁንም እዚያው ነው። መቀመጫው ትሪኒዳድ የሆነው የካሪቢያን ፍርድ ቤት በ2005 ሥራ ሲጀምር ይግባኛቸውን ወዲያውኑ ወደዚያ ያዞሩት ባርቤዶስና ጉያና ብቻ ናቸው። በዚህ የተነሣ በ2021 ረቂቅ ላይ ‹‹ይግባኛችን ለንደን ይቅር ወይስ ይምጣ?›› የሚል ክርክር አልነበረም። ጃማይካን ወጥሮ የያዛት ደግሞ ይኸው ክርክር ነው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ዘውድ ማውረድና ይግባኙን ማምጣት የግድ አብረው የሚሄዱ አይደሉም፤ ትሪኒዳድ ከ1976 ጀምሮ ሪፐብሊክ ሆና ሳለ ይግባኟ እስካሁን የሚሄደው ለንደን ነው።

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። ባርቤዶስ በ1973 የራሷን ዶላር ስታወጣ ብሮቹ ላይ የወጣው የንግሥቲቱ ፊት ሳይሆን የራሷ ሰዎች ምስል ነው። ስለዚህ በ2021 አዲስ ኖት ማተም፣ አሮጌውን መሰብሰብ፣ ማሽን ማስተካከል የሚባል ወጪ አልመጣም። ባንዲራውም እንዲሁ። መሐሉ ላይ ያለው ጥቁር ሹካ መሳይ ጦር በቅኝ ግዛቱ ማኅተም ላይ ሙሉ ነበር፤ በ1966 ሆን ተብሎ እጀታው ተቆርጦ ተሳለ። የተሰበረው ጦር ከቅኝ ግዛት የመለያየት ምልክት ስለሆነ ከ55 ዓመት በኋላ የሚነካበት ምክንያት አልነበረም።

ሦስተኛው አደባባዩ ነው። የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን ሐውልት ብሪጅታውን ላይ የቆመው በ1813 ነው፤ ለንደን ውስጥ ያለው ዝነኛው የኔልሰን ዓምድ ከመቆሙ ሠላሳ ዓመት ቀድሞ። የቆመበት ቦታ ትራፋልጋር አደባባይ ይባል ነበር። በ1998 አገሪቱ አሥር ብሔራዊ ጀግኖቿን ሰየመች፤ በ1999 አደባባዩ ብሔራዊ ጀግኖች አደባባይ ተባለ። ኔልሰን ግን ስሙ በተቀየረው አደባባይ ላይ ሌላ 21 ዓመት ቆመ። የተነሣው ኖቬምበር 16 ቀን 2020 ነው። በዓመቱ ፕሬዚዳንቷ ቃለ መሐላ የፈጸሙት እዚያው አደባባይ ላይ ሲሆን፣ በዚያው ሥነ ሥርዓት ዘፋኟ ሪሃና 11ኛዋ ብሔራዊ ጀግና ተብላ ተሰየመች። ከቀደሙት አሥሩ ያን ጊዜ በሕይወት የነበሩት የክሪኬት ተጫዋቹ ሰር ጋርፊልድ ሶበርስ ብቻ ነበሩ።

ከንግግር እስከ መሐላ

ሂደቱ በይፋ የተጀመረው ሴፕቴምበር 15 ቀን 2020 በዙፋን ንግግር ነው። የዙፋን ንግግር ማለት መንግሥት የሚጽፈው፣ ርዕሰ ብሔሩ ወይም እንደራሴው የሚያነበው የሥራ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ የንግሥቲቱ ሥልጣን በሚቀጥለው ዓመት እንዲያበቃ የሚያስታውቀውን ጽሑፍ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነበቡት የንግሥቲቱ እንደራሴ ሜሰን ራሳቸው ናቸው። በሕግ ዓይን ነውር የለበትም፤ እንደራሴ በጠቅላይ ሚኒስትር ምክር ይሠራል፣ ምክሩ ‹‹ቦታሽን እናጥፋ›› ቢሆንም።

ከዚያ ወራት በዝምታ አለፉ፤ ወረርሽኙም ነበር። በሜይ 2021 አሥር አባላት ያሉት የሽግግር አማካሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። መንግሥት ሥራውን በሁለት ከፈለው፤ አሁን ርዕሰ ብሔሩን ብቻ እንለውጣለን፣ አዲስ ሕገ መንግሥት የመጻፉ ሥራ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህ ክፍፍል ለሥራው ፍጥነት ከማንኛውም ነገር በላይ ጠቅሟል። በኋላ ለሚመጣው ቅሬታ በር የከፈተውም እሱ ነው።

ረቂቁ ምን እንደሠራ ለማየት ሦስት አንቀጾችን መክፈት በቂ ነው። አንቀጽ 28 በንግሥቲቱ የሚሾምና እሷ እስከፈቀደች ድረስ የሚያገለግል ጠቅላይ ገዥ፣ ማለትም እንደራሴ፣ ይኖራል ይል ነበር፤ ቦታውን ፕሬዚዳንት ወሰደው። አንቀጽ 35 ፓርላማው ከንግሥቲቱ፣ ከሴኔቱና ከታችኛው ምክር ቤት የተዋቀረ ነው ይል ነበር፤ ‹‹ንግሥቲቱ›› ወጥቶ ‹‹ፕሬዚዳንቱ›› ገባ። አንቀጽ 63 የአስፈጻሚነት ሥልጣን የንግሥቲቱ ነው ይላል፤ እሱም እንዲሁ። ሥራው ባብዛኛው የመተካት ሥራ ነው። በመቶዎች በሚቆጠሩ ሌሎች ሕጎች ውስጥ የተበተኑትን ‹‹ግርማዊት››ና ‹‹ዘውድ›› የሚሉ ቃላት አንድ በአንድ ማረም ዓመታት ስለሚወስድ፣ እንዲህ ያለ ቃል በተገኘበት ሁሉ እንደ ፕሬዚዳንት ወይም እንደ መንግሥት ይነበብ የሚል አጠቃላይ ድንጋጌ ይበቃል። ሹመቶች ይቀጥላሉ፣ በፍርድ ቤት ያሉ ጉዳዮች ይቀጥላሉ። መሐላው ለንግሥቲቱና ለወራሾቿ መሆኑ ቀርቶ ለአገሪቱ ሆነ። የፖሊስ ሠራዊቱ ‹‹ንጉሣዊ›› የሚለውን ቅጥያ ጣለ፤ የጠቅላይ ገዥው መኖሪያ ‹‹ስቴት ሐውስ›› ተባለ።

የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ባመዛኙ የጠቅላይ ገዥው ሥልጣን ነው። የምክር ቤቱን አብላጫ የያዘውን ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ ይሾማል፣ ሕግ ላይ ይፈርማል፣ ሌላውን በጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ይፈጽማል። የሥራ ዘመኑ አራት ዓመት ነው። አመራረጡ እንዲህ ነው፦ ጠቅላይ ሚኒስትሩና የተቃዋሚ መሪው ተስማምተው አንድ ሰው ያቀርባሉ፤ ድምፅ መስጠት ካስፈለገ ዕጩው በእያንዳንዱ ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ማግኘት አለበት። ኦክቶበር 12 ሜሰን በጋራ ዕጩነት ቀረቡ፤ ኦክቶበር 20 በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ድምፅ አግኝተው ተመረጡ። የንግሥቲቱን እንደራሴ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ማድረግ ብልህ ምርጫ ነበር። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፣ ቢሮው አይናጋም፣ ‹‹የእኛ ፓርቲ ሰው፣ የእናንተ ፓርቲ ሰው›› የሚል ጠብም አይነሣም።

ባርቤዶስ ከለንደን የጠየቀችው ፈቃድ የለም፤ የብሪታንያ ፓርላማ ለባርቤዶስ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑ ያበቃው በ1966 ነው። ከኮመንዌልዝ ማኅበር መውጣትም አልመጣም። ከ1949 ጀምሮ ሪፐብሊክ የሆነ አገር አባል መሆን ይችላል፤ ካምፓላ ላይ በ2007 የተደረገው የመሪዎች ስብሰባ ደግሞ አባል አገር የመንግሥት ቅርጹን ስለለወጠ ብቻ እንደገና ማመልከት እንደማያስፈልገው ወስኗል።

ጎረቤቶቹ የሚሰናከሉበት ቦታ

በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ካሪቢያን ዘውድ የወረደባቸውን ቦታዎች ስንቆጥር አንድ የማይመች እውነት ይወጣል። ጉያና በ1970 ሪፐብሊክ የሆነችው የነፃነት ሕገ መንግሥቷ በተራ አብላጫ ድምፅ እንድትወስን ስለፈቀደላት ነው። ትሪኒዳድና ቶቤጎ በ1976 የለወጠችው፣ ተቃዋሚዎች አድማ በመቱበት የ1971 ምርጫ ገዢው ፓርቲ 36ቱንም መቀመጫ በወሰደበት ምክር ቤት ነው። ዶሚኒካ በ1978 ነፃ ስትወጣ ያኔውኑ ሪፐብሊክ ሆና ወጣች። ባርቤዶስ በ2021 እንዳየነው ነው። አራቱም ያለ ሕዝበ ውሳኔ። ለሕዝብ የቀረበው የሴንት ቪንሰንትና ግሬናዲንስ ነው፤ ኖቬምበር 25 ቀን 2009 የድምፁ ሁለት ሦስተኛ ያስፈልግ ነበር፣ የተገኘው 43 በመቶ ገደማ ነው።

ሴንት ቪንሰንት ሕዝቡ ዘውዱን ስለወደደ ብቻ አይደለም የተሸነፈው። የቀረበለት አንድ ጥያቄ አልነበረም፤ ሙሉ አዲስ ሕገ መንግሥት ነበር። ርዕሰ ብሔር፣ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ የምክር ቤት አወቃቀር፣ መብቶች፣ ሁሉም በአንድ ‹‹አዎ›› ወይም ‹‹አይደለም›› ውስጥ። ከአሥሩ አንዱን የጠላ ሰው አሥሩንም ይጥላል፤ መንግሥቱን የጠላ ሰውም ሳያነብ ይጥላል። ግሬናዳ ይህን ለማስተካከል በ2016 ሰባት ማሻሻያዎችን ለያይታ በሰባት ጥያቄ አቀረበች፤ ሰባቱም ወደቁ። ኖቬምበር 6 ቀን 2018 ግሬናዳና አንቲጓ ባንድ ቀን ስለ ካሪቢያን ፍርድ ቤት ብቻ ጠየቁ፤ በሁለቱም ቦታ ሁለት ሦስተኛ ይቅርና ግማሽም አልተገኘም። መለያየቱም ማጠቃለሉም አላዳነም። ሁለት ሦስተኛ የሕዝብ ድምፅ የሚጠይቅ አንቀጽ፣ ተቃዋሚው ‹‹አይደለም›› በሉ ካለ፣ ሊከፈት አይችልም ማለት ይቀላል።

የጃማይካ ቁልፍ ሌላ ዓይነት ነው። ዘውዱን የሚመለከተው ድንጋጌ በጥልቅ የተቆለፈ ነው። ረቂቁ ቀርቦ ክርክር እስኪጀመር ሦስት ወር ይቆያል፤ ክርክሩ አልቆ ድምፅ እስኪሰጥ ሌላ ሦስት ወር። ከዚያ በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ፣ ከዚያ ደግሞ ሕዝበ ውሳኔ፣ እሱ ግን በተራ አብላጫ። ሴኔቱ 21 ነው፤ 13 የመንግሥት፣ 8 የተቃዋሚ። ሁለት ሦስተኛው 14 ስለሆነ መንግሥት ምንም ያህል ቢያሸንፍ አንድ የተቃዋሚ ሴናተር ያስፈልገዋል። ይህች አንዲት ሰው ናት ጃማይካን የያዘቻት። መንግሥት በዲሴምበር 2024 ረቂቁን ሲያቀርብ ተቃዋሚው የለንደኑን ይግባኝም አብራችሁ አንሡ አለ፤ መንግሥት ያ ለሌላ ጊዜ ነው አለ። በሴፕቴምበር 2025 ምርጫ መጣ፣ ረቂቁም ሳይጸድቅ ቀረ፤ ከምርጫው በኋላ ደግሞ ገዢው ፓርቲ ከ63ቱ 42 መቀመጫ የለውም። ባርቤዶስ በ2005 ያወለቀችው ብሎን ጃማይካ ውስጥ አልወለቀም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሳይጠገን የቀረው

የባርቤዶስ መንገድ ያለ ዋጋ አልነበረም። ምክር ቤት ውስጥ አንድም መቀመጫ ያልነበረው ዴሞክራቲክ ሌበር ፓርቲ ጩኸቱ ስለ ዘውዱ አልነበረም፤ በ1966 ነፃነቱን ያመጣው ያው ፓርቲ ነው፣ የስቱዋርትም ፓርቲ ነው። ቅሬታው ስለ አካሄዱ ነበር፦ ሕዝብ ሳይመክርበት፣ ምን ዓይነት ፕሬዚዳንት እንደምንፈልግ ሳንነጋገር፣ ለበዓሉ ቀን ለመድረስ ተጣደፋችሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ማለት ነው። መንግሥት ይህ የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነው፣ ዝርዝሩን በኋላ አብረን እንጽፋለን ሲል መለሰ። ሁለቱም ወገን ግማሽ እውነት ነበረው። ቅድም እንዳየነው፣ ቁጥር ኖሯቸው ሕዝብ ይምከርበት ብለው የጠበቁት አርተር ያተረፉት ነገር የለም።

የበለጠ የሚያሳስበው የጋራ ዕጩነቱ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ የሁለቱም ወገን ሰው ይሁን። በ2021 ግን ሁለተኛው ፊርማ የማን ነበር? የተቃዋሚ መሪው ጳጳስ ጆሴፍ አተርሊ በ2018 የተመረጡት በራሳቸው በሞትሊ ፓርቲ ዕጩነት ነው። 30 ለዜሮ በሆነው ምክር ቤት ከምርጫው በኋላ በቀናት ውስጥ ወንበር ቀይረው ብቸኛው ተቃዋሚ ሆኑ። ሰውየው ከልባቸው ተከራክረው ሊሆን ይችላል፤ ድንጋጌው የታሰበለት የሁለት ወገን ስምምነት ግን በአንድ ፓርቲ ምልክት በተመረጡ ሁለት ሰዎች መካከል ነው የተደረገው።

ሪፐብሊኩ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2022፣ አስቸኳይ ምርጫ ተደረገ። ውጤቱ እንደገና 30 ለዜሮ። አሁን ተቃዋሚ መሪ የሚባል ሰው የለም፤ በእሱ ምክር የሚሾሙት ሁለቱ ሴናተሮችስ? ሕገ መንግሥቱ ለዚህ የነበረው መልስ አሮጌ ነው፤ ቦታው ባዶ ሲሆን የተቃዋሚ መሪ ምክር የሚጠየቅባቸውን ጉዳዮች ርዕሰ ብሔሩ በራሱ ውሳኔ ይፈጽማል። በ1966 ይህን የጻፉት ሰዎች የታያቸው ከፓርቲ ውጭ የሆነ፣ ከሩቅ የተሾመ እንደራሴ ነው። አሁን የሚወስነው ፕሬዚዳንት በዚያው ምክር ቤት አባላት የሚመረጥ ሰው ነው። ቃሉ ብቻ ተተክቶ ሥርዓቱ ሳይታሰብ ሲቀር ክፍተቱ የሚታየው እዚህ ነው፦ ለወጉ ያህል የተቀመጠ የሚመስለው ሰው እውነተኛ ውሳኔ የሚያገኘው ተቃዋሚ በሌለበት፣ ማለትም ገለልተኛነቱ ከሁሉ በላይ በሚፈለግበት ሰዓት ነው። ችግሩ የረገበው በ2024 ነው፤ ራልፍ ቶርን ከገዢው ፓርቲ ወንበር ተነሥተው የተቃዋሚ መሪ ሆኑ። ያም ሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ተቃዋሚውን የፈጠረው ወንበር የቀየረ የገዢው ፓርቲ ሰው ነው፤ ሕዝቡ በድምፁ የላከው አይደለም።

የተገባው ሁለተኛ ምዕራፍ በጁን 2022 ተጀመረ። በጡረታ ላይ ባሉት ዳኛ ክሪስቶፈር ብላክማን የሚመራ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ኮሚሽን ተቋቁሞ በየአካባቢው ሕዝብ ሲያነጋግር ቆየ፤ ሪፖርቱን ለመንግሥት ያስረከበው በ2024 ነው። አንባቢ ሊከታተለው የሚገባ አንድ አንቀጽ ብንጠቁም 26 ቁጥር ነው። ይህ አንቀጽ ከነፃነት በፊት የወጡ ሕጎች ከመሠረታዊ መብቶች ጋር ቢጋጩ እንኳ በዚያ ምክንያት እንዳይሻሩ ይከላከላል። በሌላ አነጋገር፣ ቅኝ ገዢው ያወጣው ሕግ ነፃ አገር ከጻፈችው የመብት ምዕራፍ ይልቅ የተጠበቀ ነው። የካሪቢያን ፍርድ ቤት በ2018፣ የነፍስ ግድያ ቅጣት የግድ ሞት ይሁን የሚለውን ሕግ ሲጥል የዚህን አንቀጽ ጥርስ ክፉኛ አዶልድሞታል። አንቀጹን ከወረቀቱ ላይ ለማንሣት ግን ያው የአንቀጽ 49 ቆጠራ፣ 20 እና 14፣ ያስፈልጋል። በ2021 ቁጥሩ ነበር፤ በ16ቱ ቀናት ውስጥ ግን አልተነካም።

የሜሰን አራት ዓመት ሲያበቃ ምክር ቤቶቹ በኦክቶበር 2025 ጄፍሪ ቦስቲክን መረጡ። ቦስቲክ ጡረታ የወጡ ሌተናል ኮሎኔል ሲሆኑ፣ ወረርሽኙ ሲገባ በሞትሊ መንግሥት የጤና ሚኒስትር ነበሩ። ኖቬምበር 30 ቀን 2025 ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በዚህኛው ሥነ ሥርዓት የሚወርድ ዓርማ አልነበረም።